«ዲሊት» ማለት ማጥፋት አይደለም
ባለፈው እሁድ በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር

በሳምንት ያለቻችሁን አንድ የእረፍት ቀን ትታችሁ፣ ከጁኒዬም ከአንጠልያስም በቫን ተሳፍራችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ይስጥልን። ማዳም ከልክላቸው ያልመጡትም ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡት በዋትስአፕ እንልክላቸዋለን።

እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። የማውቀውን ያወቅሁት እዚሁ እሁድ እሁድ በሚሰጠው ኮርስና የማኅበራችንን ፋይል በመያዝ ነው። ስለዚህ ቀለል አድርጌ ነው የማወራው፤ ያልገባት ታቋርጠኝ።

ጉዳዩ እነዚህ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች ናቸው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ነፃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። የእኛዎቹ ደግሞ ዊንዶውስ 11ን አይችሉም። አንደኛው እየተንገታገተም ቢሆን ይሠራል፣ ሁለተኛው ጭራሽ አይነሳም። ባለፈው ስብሰባ «ሱቅ አል አሃድ ወስደን እንሽጣቸው፣ ለታመሙት መድኃኒት መግዣ ይሆናል» ተብሏል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከመሸጡ በፊት ውስጣቸው ምን እንዳለ እንነጋገር።

የፓስፖርት ፎቶ አለ፣ የኢቃማ ፎቶ አለ፣ የሆስፒታል ደረሰኝ አለ። «ደሞዜን ስምንት ወር አልከፈሉኝም» ብላችሁ ያስጻፋችሁት አቤቱታ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእርዳታ ዝርዝሩ አለ፤ ስም፣ ስልክ፣ የምትኖሩበት ሰፈር። በዝርዝሩ ውስጥ ከአሠሪ ቤት የወጡ እህቶች አሉ። ከፋላ ማለት ወረቀትሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው፣ ከቤቱ ከወጣሽ ወረቀትሽም ተበላሸ ማለት ነው፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያ ዝርዝር ክፉ ሰው እጅ ቢገባ «ገንዘብ አምጪ፣ አለበለዚያ እጠቁምብሻለሁ» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። ወረቀት የሌላት ደግሞ ፖሊስ ጋ ሄዳ አትከስ።

«እኔ እኮ ዲሊት አድርጌዋለሁ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጌዋለሁ» የምትል ትኖራለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የምትሠሩበትን ሕንፃ አስቡት። ከታች በሩ ላይ ደወል አለ፣ ከደወሉ ጎን የቤተሰቡ ስም ተጽፏል። ስሙን ብታነሱት ቤተሰቡ አራተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ ነው፤ ደረጃውን ወጥቶ በር የሚያንኳኳ ሰው ያገኛቸዋል። ዲሊት ስናደርግ ኮምፒዩተሩ ስሙን ብቻ ነው የሚያነሳው። ፎቶው ቦታው ላይ ይቀራል፣ የሚጠፋው በላዩ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። በአንድ ደቂቃ የሚያልቀው «ኩዊክ ፎርማት»ም ያው ነው፣ የሁሉንም ስም በአንድ ጊዜ ማንሳት ማለት ነው። የተነሳውን የሚመልስ ፕሮግራም ደግሞ ከኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ለዚህ ትልቅ ሌባ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ብቻ አይደለሁም ይህን የምለው። አሜሪካ ውስጥ ሁለት የኤም አይ ቲ ተማሪዎች 158 ያገለገሉ ሃርድ ዲስኮች ገዝተው መርምረው ውጤቱን በ2003 አሳተሙ። ከሠሩት 129 ውስጥ በትክክል የጸዱት 12 ብቻ ነበሩ። በ2014 ደግሞ አቫስት የሚባለው የአንቲቫይረስ ድርጅት 20 ያገለገሉ የአንድሮይድ ስልኮች ገዛ። ባለቤቶቹ አጥፍተናል ብለው ከሸጧቸው ስልኮች ከ40,000 በላይ ፎቶ አወጣ፣ የሴቶች እርቃን ፎቶም ነበረበት። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ እንኳ የደንበኞቹ መረጃ ያለባቸው ዲስኮች ሳይጸዱ ተሸጠው፣ በ2022 35 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቷል። ባንክ ቅጣቱን ከፍሎ ሥራውን ይቀጥላል። የእኛ እህት ግን የምትከፍለው የላትም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሚሠራውን ላፕቶፕ በመጀመሪያ የሚያስፈልገንን ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ገልብጠን፣ እየከፈትን እናያለን። ከዚያ ሴቲንግስ፣ አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ሪከቨሪ፣ «ሪሴት ዚስ ፒሲ»፣ ቀጥሎ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ»። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቸኩሎ ኔክስት ይላል። አትቸኩሉ፤ «ቼንጅ ሴቲንግስ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች፣ እሷን ነክታችሁ «ክሊን ዳታ» የሚለውን «የስ» አድርጉ። በላዩ ላይ እንዲጻፍበት የሚያደርገው እሱ ነው። ላፕቶፑ በአረብኛ ከሆነ መጀመሪያ ቋንቋውን ቀይሩ፣ ስትገምቱ እንዳትሳሳቱ።

ይህ ሰዓታት ይወስዳል፤ እዚህ አገር ደግሞ ሰዓታት ማለት መብራት ማለት ነው። የጄኔሬተሩ ኢሽቲራክ መቼ እንደሚጠፋ ሳታውቁ አትጀምሩ። መሃል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የእኛ ላፕቶፕ ባትሪው ስለሞተ ኢሽቲራክ ረጅም ሰዓት በሚሰጥበት ቤት እናደርገዋለን።

ሰባት ጊዜ፣ ሠላሳ አምስት ጊዜ ካልተጻፈበት አይጠፋም የሚሉ አሉ። ለዛሬ ሃርድ ዲስክ አንድ ጊዜ ሙሉውን መጻፍ ይበቃል። ኤስ ኤስ ዲ ያለበት አዲስ ላፕቶፕ ላይ ግን መጻፍ ብቻውን አያስተማምንም፤ ኤስ ኤስ ዲ የሚጽፍበትን ቦታ ራሱ ስለሚቀያይር አሮጌው ጥግ ላይ ሊቀር ይችላል። እዚያ የሚሻለው ገና ስትገዙት ቢትሎከር በሚባለው መቆለፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ የቀረው ነገር አይነበብም።

አሁን የማልስማማበትን ልናገር። ዝርዝሩ ያለበትን ሃርድ ዲስክ፣ ቢጸዳም፣ እኔ አልሸጥም። ላፕቶፑን ያለ ሃርድ ዲስክ እንሽጠው። ዋጋው እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዧ እህታችንም እያየችኝ ነው። ግን የምናጣው ትንሽ ዶላር ነው። የማይነሳውም ላፕቶፕ እንደዚሁ ነው። ሰው «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ የሞተው ላፕቶፑ እንጂ ዲስኩ አይደለም፣ ተነቅሎ ሌላ ላይ ቢሰካ ሊነበብ ይችላል።

አንዷ «ክሎር ውስጥ ብንነክረውስ?» ብላ ጠይቃኛለች። ክሎርን እኛ ነን የምናውቀው፣ ለሽንት ቤት ነው። የፍሪጅ ማግኔትም አይሠራም። ማቃጠል ደግሞ ጭሱ መርዝ ነው። ዲስኩን አውጥቶ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በመዶሻ መምታት፣ ወይም በመሰርሰሪያ ሦስት አራት ቦታ መብሳት ነው። የላፕቶፕ ዲስክ ውስጡ ብዙ ጊዜ መስታወት ነው፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ። ባትሪውን ግን በመዶሻ እንዳትነኩት፣ እሳት ይነሳል።

ስልካችሁም ያው ነው። በ2024 መኸር ጦርነቱ ሲበረታ ስንቶቻችን በአንድ ሻንጣ እንደወጣን ታስታውሳላችሁ። ብር ሲቸግር መጀመሪያ የሚሸጠው ስልክ ነው፣ የሚሸጠውም በጥድፊያ ዳውራ አደባባይ አካባቢ ነው። ስለዚህ መቆለፊያውን ዛሬ አድርጉ፤ ውስጡን በራሱ የሚቆልፍ አዲስ ስልክ ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ ቁልፉም አብሮ ይጠፋል። ከመሸጣችሁ በፊት ሲምና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፤ ሪሴት ሜሞሪ ካርዱን ላያጸዳው ይችላል። ከጉግል ወይም ከአይክላውድ አካውንታችሁ ውጡ፣ ያለዚያ ገዢው ተቆልፎበት ይዞባችሁ ይመለሳል። ከዚያ ሪሴት። ሜሞሪ ካርዱን አትሽጡት፣ በመቀስ ቁረጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ በተለይ ለኮንትራት ልጆች ነው። ማዳም አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ስትሰጣችሁ ደስ ይላል። ግን ውስጡ የእሷ የባንክ ወረቀት፣ የልጆቿ ፎቶ አለ። ነገ ብትጣሉ «ሰረቀችኝ» ለማለት ቀላል ነው። ስለዚህ «ማዳም፣ አንቺ ፊት እናጽዳው» በሏት። እሷም ከአካውንቷ ትውጣ። ከዚያ «ይህን ላፕቶፕ ሰጥቼሻለሁ» ብላ በዋትስአፕ ትጻፍላችሁ፤ መልእክቱን ለሚታመን ሰው አስተላልፉት፣ ስልካችሁ ላይ ብቻ አይቅር።

የሚሠራውን ላፕቶፕ በሚቀጥለው እሁድ ከጠዋቱ ጀምሮ እናጸዳለን፤ ዲስኮቹን የምንሰብረው ከሰዓት በኋላ ነው። ዝርዝሩ ላይ ስሟ ያለ ማንኛዋም እህት መጥታ በዓይኗ ማየት ትችላለች። ትንሽ ካቻቪቴ ያላት ይዛ ትምጣ፤ የእኛ ጫፉ አልቋል።