ስሕተትን ሳይደብቁ ስለ መጠየቅ



አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። አንድ ሌሊት የተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፎች የተቀመጡበት የሊኑክስ ሰርቨር «በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» እያለ አዲስ ፋይል አልቀበልም አለኝ። በ«ዲኤፍ» ትእዛዝ ስመረምር ግን ዲስኩ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭን ከተነሣሁ በኋላ፣ እያፈርሁም ቢሆን፣ መልእክቱን ቃል በቃል ጽፌ ሌሎች ተጠቃሚዎችን ጠየቅሁ። አንድ የማላውቀው ሰው «አይኖዶቹንስ ተመልክተዋል?» አለኝ።

እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይይዛል፤ በኢኤክስቲ4 የአይኖዶቹ ብዛት የሚወሰነው የፋይል ሥርዓቱ ሲፈጠር ነው። በ«ዲኤፍ» ላይ «ሰረዝ አይ» ጨምሬ ባየው መቶ በመቶ አልቀዋል። ያሟጠጧቸው ማንም ያላጸዳቸው ጥቃቅን ጊዜያዊ ፋይሎች ነበሩ። እነርሱን ስሰርዝ ሰርቨሩ ተመለሰ፤ ጽሑፎቹም ተረፉ።

እነዚያን ጽሑፎች ለጥፋት አቅርቧቸው የነበረው አለማወቄ ብቻ ሳይሆን ኀፍረቴም ነበር። እናንተም ስትጠይቁ ያያችሁትንና የሞከራችሁትን ሳትሸሽጉ አቅርቡ።