ኤም አር አይ ስለ ዘረኝነት ምን ነገረን?

የዛሬው ወጋችን ሰው በአፉ የማይናገረውን አንጎሉ ውስጥ ገብተው ስለሚፈልጉ ተመራማሪዎች ነው።

አሜሪካ ውስጥ አንዱን ነጭ «ጥቁሮችን ትጠላለህ ወይ?» ብትሉት፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «በፍጹም» ነው። ብዙዎቹም ይህን የሚሉት ከልባቸው ነው። ቤት ሲከራይ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም የሚታየው ግን ከመልሱ ጋር አይገጥምም። አፍ የሚለውና እጅ የሚሠራው እንዲህ ሲለያይ፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት መጠይቁ ብቻውን እንደማያዋጣ ገባቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ይዘው ብቅ አሉ። ተፈታኙ የጥቁሮችንና የነጮችን ስሞች ወይም ፊቶች ከመልካምና ከክፉ ቃላት ጋር በጥድፊያ ያጣምራል። ጥቁሩን ከመልካሙ ቃል ጋር ሲያጣምር ጣቱ ከዘገየ፣ ያቺ መዘግየት ትመዘገባለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ ኤልዛቤት ፌልፕስና ማህዛሪን ባናጂ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ እርምጃ ጨመሩ። ነጭ አሜሪካውያንን የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚከታተለው በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው፣ የማያውቋቸውን ጥቁርና ነጭ ወንዶች ፎቶ አሳዩአቸው። ፊቶቹ አይስቁም፣ አይቆጡም፤ ዝም ያሉ ፊቶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ የሚከታተሉት አሚግዳላ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነበር። አሚግዳላ በግራና በቀኝ፣ በአንጎል ጥልቅ ቦታ የተቀመጠ ትንሽ ክፍል ሲሆን፣ የሚያሰጋ ወይም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሲመጣ ፈጥነው ከሚነቁት አንዱ ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። በፍጥነቱ ፈተና ለነጭ ይበልጥ ያደሉት ሰዎች አሚግዳላቸውም ለጥቁር ፊት ይበልጥ ይነሣ ነበር። ድንገተኛ ድምፅ ሲለቀቅባቸው ዓይናቸው የሚርገበገብበት መጠንም ከዚሁ ጋር አብሮ ሄደ። ስለ ዘር አመለካከታቸው በተሰጣቸው መጠይቅ ላይ የጻፉት መልስ ግን አንጎላቸው ላይ ከታየው ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ብዙ ሰው ከዚህ ጥናት የሚያስታውሰው እስከዚህ ያለውን ነው። አስታውሶም «ያው ተፈጥሮ ነው፤ ሰው የማይመስለውን ይፈራል፤ ምን ይደረጋል?» ይላል። እኔ ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም በራሳቸው በተመራማሪዎቹ ማስረጃ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች በሁለተኛው ሙከራቸው የማይታወቁትን ፊቶች አንሥተው፣ ታዋቂና የተወደዱ ጥቁሮችንና ነጮችን ፎቶ አሳዩ። ያ የመጀመሪያው ዝምድና አልታየም። የቆዳው ቀለም ያው ነው፤ የተለወጠው ማወቅና መውደድ ነው።

በ2005 ደግሞ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ነጮችን ብቻ ሳይሆን ጥቁር አሜሪካውያንንም መረመሩ። የጥቁሮቹም አሚግዳላ ከነጭ ፊት ይልቅ ለጥቁር ፊት ይበልጥ ተነሣ። ነገሩ «የማይመስለኝን እፈራለሁ» ቢሆን ኖሮ፣ ጥቁሩ የራሱን ወገን አይቶ ምን ያስደነግጠዋል? ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያመለከቱት ከኅብረተሰቡ ወደሚቀሰመው ትምህርት ነው። ቴሌቪዥኑ፣ ዜናው፣ ፊልሙ ጥቁርን ከወንጀል ጋር እያያያዘ ለሁሉም ያሳያል፤ ጥቁሩም የሚያየው ያንኑ ነው። አገሩ ሳለ ጠይም ወይም ቀይ ይባል የነበረ ወገናችን ዋሽንግተን ሲደርስ ጥቁር ከመሆኑ በተጨማሪ፣ ከዚያ መልክ ጋር የተያያዘው ጥርጣሬ ሁሉ ይከተለዋል። ልጆቹም እዚያው ተወልደው ያንኑ ቴሌቪዥን እያዩ ያድጋሉ። ይህ ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ስለ ልጆች ካነሣን፣ በ2013 ኢቫ ቴልዘርና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት አለ። ከ4 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን አንጎል ተመለከቱ። አሚግዳላ ለጥቁር ፊት ለይቶ የሚሰጠው ምላሽ በትንንሾቹ ላይ አልታየም፤ የሚመጣው በጉርምስና ነው። ከተለያየ ዘር የመጡ ጓደኞች ባሏቸው ልጆች ላይ ደግሞ ምላሹ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሱዛን ፊስክና ሜሪ ዊለርም በበኩላቸው ፊቶቹን ሲያሳዩ የሚጠይቁትን ጥያቄ ብቻ በመቀየር ውጤቱን ቀይረዋል። «ይህ ሰው ዕድሜው ከ21 በላይ ነው?» ሲባሉ ነጭ ተሳታፊዎቹ ለጥቁር ፊት የተለየ ምላሽ ሰጡ፤ «ይህ ሰው ይህን አትክልት ይወዳል?» ሲባሉ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሰውየው ምን እንደሚበላ ለመገመት፣ እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሰው ማሰብ ግድ ነው።

መሣሪያውንም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ማመን አይገባም። ኤም አር አይ ሐሳብ አያነብም፤ የሚከታተለው የደም ኦክስጅን ለውጥን ነው። በ2009 ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ የሞተ ሳልሞን ዓሣ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ ስሌቱ በጥንቃቄ ካልተሠራ የሞተው ዓሣ አንጎል «ሲያስብ» እንደሚታይ አረጋገጡ። ፌልፕስም በ2003 አሚግዳላዋ በሁለቱም ወገን የተጎዳ ሴትን በፍጥነቱ ፈተና መርምራ፣ አድልዎዋ እንደሌሎቹ ሰዎች ሆኖ አገኘችው። ስለዚህ ዘረኝነት በአንዲት ነጥብ ተቀምጦ የሚገኝ ነገር አይደለም። በአንጎል ፎቶ አንድን ሰው ዘረኛ ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድም ስሕተት ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግብ ኢ ኢ ጂ የሚባል መሣሪያ አለ። ሃንስ በርገር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1924 በሰው ላይ የመጀመሪያውን ምዝገባ አደረገ። ኤሌክትሮዶቹ የራስ ቆዳን በደንብ መንካት አለባቸው። ወፍራምና የተጠቀለለ ፀጉር፣ ሹሩባም፣ ያርቃቸዋል። በዚህ ምክንያት ጥቁሮች ከብዙ ጥናት ሲመለሱ ወይም መረጃቸው ሲጣል ኖሯል። ስለ ዘር አድልዎ የሚያጠናው ሳይንስ መሣሪያው ራሱ ጥቁሩን በር ላይ ሲመልሰው፣ ከዚህ የበለጠ ምን አድልዎ አለ? ነገሩ በጥናት ብቻ አያበቃም፤ የሚጥል በሽታ የሚመረመረው በዚሁ በኢ ኢ ጂ ነው።

ፒትስበርግ በሚገኘው በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አርኔል ኤቲየን የተባለች ጥቁር ተማሪ ይህን አይታ ዝም አላለችም። ፀጉር በመስመር በመስመር ሲሠራ በመሐሉ የራስ ቆዳ ይገለጣል። እሷና ባልደረቦቿ በሹሩባው ሥር ገብቶ የሚያያዝ ኤሌክትሮድ ሠሩ፤ ሥራቸውም በ2020 ታተመ። ሐሳቡ የመጣው ሹሩባን ከሚያውቅ ሰው ነው። ይህም በቤተ ሙከራው ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በደንብ ያሳያል።

በአገር ቤትም በውጭም ያላችሁ፣ ሕክምናና ምህንድስና የምትማሩ ልጆቻችን፣ ወደዚህ ሙያ ግቡ። ለጥናት ፈቃደኛ ሆናችሁ ስትሄዱ «ፀጉርሽ አይመችም፣ ፀጉርህ አይመችም» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ ደግሞ፣ ለሹሩባ የሚሆን ኤሌክትሮድ መሠራቱን ንገሯቸው።