የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራና የደማችን ነገር
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ስኳር በሽታ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው የማቀርበው። አንዲት አባላችን የደረሰባቸውን «ለሰው ንገርልኝ» ስላሉኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኚህ እናት ስኳር ካለባቸው ቆይቷል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣቸው። ወር ሳይሞላ የሦስት ወሩን ስኳር፣ ኤ ዋን ሲ የሚባለውን ቢመረመሩ 5.9 ሆኖ መጣ። እልል አሉ፤ መድኃኒታቸውንም በገዛ ፈቃዳቸው ተዉት። በጣት ሲለኩ ግን 280 ይላል። «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብለው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በኋላ አቅላቸውን ስተው በሰው ትከሻ ነው ሐኪም ቤት የደረሱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ምርመራ የሚለካው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ቀይ ሴል ደግሞ 120 ቀን ያህል ይኖራል። ማድ ቤት የተሰቀለ ነጠላ አስቡ። በቆየ ቁጥር ጭሱን ይጠጣል። ትናንት በታጠበ ነጠላ ብትለውጡትስ? ጭስ ጭስ አይልም፤ እሳቱ ግን እየነደደ ነው። ለእናታችን የተሰጠው ደም የሌላ ሰው ነበር፤ በእርሳቸው ስኳር ውስጥ ገና አልቆየም።

ደም ብዙ የፈሰሰው ወይም ወባ ቀይ ሴሉን የሰባበረበት ሰውም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊያታልለው ይችላል። በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ደሞ በተቃራኒው፣ ስኳሩ ሳይጨምር ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የወር አበባ የሚበዛባቸው እህቶች ይህንን ልብ በሉልኝ። 6.5 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ምልክት ነው ስለሚባል፣ ደም ያነሰው ሰው የሌለበትን በሽታ ሊሸከም ነው እኮ!

እንግዲህ ኤ ዋን ሲ ስትመረመሩ የሄሞግሎቢንና የቀይ ሴል ቆጠራውንም ወረቀት ለሐኪሙ አሳዩ። ባለፉት ሦስት ወራት ደም ከተሰጣችሁ፣ ከደማችሁ፣ ወባ ከያዛችሁ ወይም የብረት እንክብል ከጀመራችሁ፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሐኪሙ የጾም ስኳርን ጨምሮ ሌላ መለኪያ ያያል። መድኃኒት ግን በራሳችሁ አትቀንሱ።

ማንበብ የሚቸግረው ካለ ከስብሰባው በኋላ እኔ ዘንድ ይምጣ፤ ደም የተሰጠበትን ቀን በወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ። እናታችን አሁን ደህና ናቸው። መሣሪያውም አልተበላሸም ነበር።