ከሐራጁ እስከ ካርታው፦ በጨረታ የተገዛ ቤት ባለቤትነት መቼ ይጸናል?



ዛሬ የምናገረው ቤት በሐራጅ ስለገዛ ሰው ነው። ጨረታውን አሸንፏል፤ ገንዘቡንም ከፍሏል። ካርታው ግን እስካሁን በባለዕዳው ስም ነው። ታዲያ ቤቱ የማን ነው?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1195 የባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ስለዚህ ስሙ እስኪዛወር ድረስ የሕግ ግምቱ ለባለዕዳው ያደላል። ቁጥር 1196 ይህ ግምት የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም አንዱ ከሳሹ ንብረቱን ያገኘው ማረጋገጫው ከተሰጠ በኋላ መሆኑን ማስረዳቱ ነው። የሐራጅ ገዢ መከታው ይህ ነው። ሆኖም በዚህ ብቻ ተማምኖ መቀመጥን አልመክርም፤ የማስረዳት ሸክሙ የገዢው ነውና።

ሐራጅ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በፍርድ አፈጻጸም ሲሆን፣ ገዢው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ነው፤ በውል ሥልጣን የተሰጠው ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለባለዕዳው ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት ራሱ ይሸጣል፤ ባለቤትነቱንም ለገዢው ያስተላልፋል። በሁለቱም መንገድ ገዢው በመጨረሻ የሚደርሰው ይዞታን ወደሚመዘግበው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

እዚያ ከመድረሱ በፊት፣ እንዲያውም ዋጋ ከማቅረቡ በፊት፣ ሊያጣራቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ የሚገዛው ቤቱን ነው፤ በመሬቱ ላይ የሚያገኘውም የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ ውዝፍ ግብር ወይም የሊዝ ክፍያ መኖሩን፣ በቤቱ ውስጥ ማን በምን መብት እንደሚኖር ይጠይቅ።

ከሁሉም የሚከብደው የሦስተኛ ወገን ጥያቄ ነው። ዕዳው የባል ብቻ፣ ቤቱ ግን የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ሊሆን ይችላል። ሚስት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 418 መሠረት ንብረቱ በመያዙ ላይ ተቃውሞ ማቅረብ ትችላለች። ይህ ጥያቄ ከሽያጩ በፊት ካልተሰማ፣ እርሷም መብቷን ልታጣ ትችላለች፤ ገዢውም ክርክር ሊገዛ ይችላል።

አንዳንዶች ለገዢው መቆርቆር በባለዕዳው ላይ መጨከን ይመስላቸዋል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። ባለቤትነቱ የማይጸና ሐራጅ ተጫራች ያሸሻል፤ ተጫራች ሲያንስ ቤቱ በርካሽ ይሸጣል፤ ባለዕዳውም ቤቱን አጥቶ ዕዳው ይቀርበታል። ነገ ፍርድ የምትሰጡ፣ ደንበኛ የምትወክሉ ተማሪዎቼ፣ የሐራጅ መዝገብ ሲቀርብላችሁ ይህን አስቡ።