በሬው ምን በልቶ ነው የደለበው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ንግግራችን ስለ በሬ ነው። ኢማምን ከበሬ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አብዛኞቻችን የሥጋ ጉዳይ ቢላዋው ላይ የሚጀምር ይመስለናል። ማን አረደው? ቢስሚላህ ብሏል ወይ? ብለን እንጠይቃለን፤ መጠየቃችንም ተገቢ ነው። በሬው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ሲበላ እንደኖረ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመንም። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ ሐላል የሆነውን ብቻ ሳይሆን ጠይብ፣ ማለትም ንጹሕና መልካም የሆነውን እንድንበላ ነው ያዘዘን። ሁለተኛዋን ቃል እየዘለልናት ነው።

እኛም ዘልለናታል። ከዓመታት በፊት ለዓረፋ ሰባት ሆነን አንድ በሬ ገዛን። ሻኛው የቆመ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ ነበር፤ ሻጩ ከተማ ውስጥ እንዳደለበው ነግሮናል። ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት በአንድ በኩል የፌስታል ቁርጥራጭና የማዳበሪያ ገመድ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ ወጣ። አጠገባችን የነበረው ልጃችን «አባዬ፣ በሬው ለምን ፌስታል በላ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። በሬው በቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ሲለቃቅም የኖረ ነው። ፌስታል ደግሞ አይፈጭም፤ ብዙው እዚያው ይከማቻል፤ እንስሳውንም ያሠቃያል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል ባዩ ጊዜ ስለ እነዚህ መናገር ስለማይችሉ እንስሳት አላህን እንድንፈራ ማዘዛቸው የታወቀ ነው። ሆዱ በፌስታል የተሞላ በሬስ?

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን በር ላይ ጠበቀን። «ሸይኽ፣ ሁለት በሬ አስሬአለሁ፤ ከሚያወጡት ቤት የአረቄ አተላ በባልዲ እየገዛሁ እሰጣቸዋለሁ። ርካሽ ነው፣ በሬውም ይወፍራል። ልጆቼን የማስተምረው በዚሁ ነው። ተው ይሉኛል ወይስ ልቀጥል?» አለን።

የልጆችን እንጀራ የያዘ ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም። ነጃሳ የሚበላ እንስሳ፣ በዐረብኛው ጀላላህ የሚባለው፣ ሥጋውም ወተቱም እንዳይበላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መከልከላቸውን ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ዑለማዎች ይህን ሲያብራሩ ምግቡ አብዛኛው ነጃሳ የሆነውን፣ ወይም ሽታው ሥጋው ላይ የታወቀውን ነው ያሉት። መፍትሔውም እንስሳውን አስሮ ሽታው እስኪጠፋ ንጹሕ መኖ ማብላት ነው፤ ኢብኑ ዑመር እንዲህ ያለችን ዶሮ ሦስት ቀን ይዘጉባት እንደነበር ተዘግቧል። አስካሪ መጠጥን በተመለከተ በአራቱ መዝሀቦች የታወቀው አቋም ነጃሳ መሆኑ ነው፤ ነጃሳን ለእንስሳ ማብላት ላይ ግን ተለያይተዋል። ስለዚህ ወንድማችንን «የበሬህ ሥጋ ሐራም ነው» አላልነውም። አተላውን ከአረቄ ቤት መግዛቱን ግን ተው አልነው። እሱም ወዲያው «እሺ፣ ታዲያ ምን ላብላው?» አለን።

ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ ተው ብሎ መሄድማ ቀላል ነው።

ጌዴኦን የሚያውቅ ችግሩን ያውቀዋል። ከዲላ በወናጎ አድርጋችሁ ወደ ይርጋጨፌ ስትሄዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና፣ እንሰት፣ ከበላያቸው ዋንዛ፣ ብርብራና ኮርች ነው። ከብት የሚለቀቅበት ሜዳ የለም ማለት ይቻላል፤ ደጋው ቡሌ ወገን ካልሆነ በቀር። ገበሬው አንድ ሁለት ከብት ቤቱ አጠገብ አስሮ መኖውን ተሸክሞ ይወስድላቸዋል፦ ከቡናው ዳር የታጨደ ሣር፣ የእንሰት ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ። እበቱ ደግሞ ተመልሶ ወደ እንሰቱ ሥር ይገባል። እንሰት ያለ ፍግ አይጠናም። በሬው እንሰቱን ይበላል፣ እንሰቱም የበሬውን ይበላል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ተሰብስቦ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዓለም ያደነቀው ዛፉን፣ ቡናውንና እንሰቱን ነው። ከጓሮ የታሰረውን በሬ ብዙ ሰው አላየውም።

ኦርጋኒክ የሚለውም ቃል ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያለው ቡና ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቷል። አገራችንም የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488ን በ1998 ዓ.ም. አውጥታለች። ገበሬው ቡናው ሥር ምን እንደጨመረ ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ይጠይቀዋል። በሬውን ግን እኛ ጎረቤቶቹ አንጠይቀውም። ለፈረንጅ ቡና የተጠነቀቅነውን ያህል ለልጆቻችን ሥጋ አልተጠነቀቅንም፤ ይህ ያሳፍረናል።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ወናጎ አጠገብ ከአባቱ የወረሰው ትንሽ የቡናና የእንሰት ማሳ አለው፤ እናቱና ታናሽ ወንድሙ ይኖሩበታል። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል፣ ማለትም 25 ኪሎ ገደማ እርጥብ ሣር ይፈልጋል። ሁለት በሬ 50 ኪሎ ነው፤ ማሳው አይችልም። አንዱን ሸጠው፣ አንዱን ወደ ማሳው ወሰደው። ትልቁ ምክራችን ይኸው ነበር፤ መሬትህ የሚያበላውን ያህል ብቻ እሰር።

ከዚያ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ደሾና የዝሆን ሣር ተከለ። ደሾ የራሳችን አገር ሣር ነው፤ አፈር ይይዛል፣ ታጭዶም ቶሎ ያቆጠቁጣል። የኮርች ቅጠል ከሣሩ ጋር ይደባልቅለታል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሣሩ ሲደርቅ የእንሰት ቅጠል ይደርስለታል፤ ውኃ ያዘለ ስለሆነ የበጋ ባለውለታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አጠውልግ በሽታ የያዘው እንሰት ለከብት አይሰጥም፤ የቆረጡበት ቢላዋም በእሳት ሳይነካ ጤነኛውን እንሰት አይቁረጡበት፤ በሽታው በቢላዋ ይተላለፋል። ፀረ አረም ከተረጨበት ቦታና ከከተማ ቦይ ዳርም ሣር አይታጨድም።

ፋጉሎና ፍሩሽካስ? ጥቂቱ ባይጎዳም የተቀመጠበት ይታይ። ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመጣል፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ በወተት ላሞች መኖ ላይ በተደረገ ጥናት በተለይ የኑግ ፋጉሎ በዚህ መርዝ ተበክሎ ተገኝቷል፤ መርዙም ወደ ወተቱ አልፏል።

አንዳንዱ ኦርጋኒክ ሲባል ክትባት መተው ይመስለዋል። አይደለም። የአባሰንጋና የአባጎርባ ክትባት ይሰጥ። የምንቃወመው ከገበያ ቀን በፊት መድኃኒት ወግቶ መሸጥን ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ሥጋው እስኪበላ ስንት ቀን እንደሚጠበቅ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁና ቁጠሩ። ሌላው የመጸዳጃ ቤት ነገር ነው። የከብት ኮሶ ከሰው ሰገራ ወደ ሣሩ፣ ከሣሩ ወደ በሬው፣ ከጥሬ ሥጋው ተመልሶ ወደ ሰው የሚዞር ነው። በጓሮ የሚጸዳዳ ቤተሰብ በሬውን ሣር አብልቻለሁ ቢልም ንጹሕ ሣር አላበላውም።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሰው በጠባብ መሬት ይከብደዋል የሚል ካለ የሐረርጌን ገበሬ ይመልከት። ማሽላውን አብዝቶ ዘርቶ የነቀለውን ትርፍ ቡቃያ ለታሰረው በሬ በእጁ እያጎረሰ ያደልባል። የሐረር ሰንጋ ስም ያወጣው በሰፊ ሜዳ አይደለም።

አሁን ደስ የማይለውን እንናገር። ወንድማችን በዓመቱ ያገኘው ገንዘብ ከቀድሞው ያነሰ ነው። በሣር የሚደልብ በሬ ይዘገያል፤ ገበያ ሲቀርብም ደላላው ሣር የበላውንም አተላ የጠጣውንም እኩል ነው የዋጀው። ከጎኑ የቆመው ደግሞ ጨው ልሶ ውኃ የተጋተ፣ ሆዱ የተነፋ በሬ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገዢን ለማታለል የእንስሳን ወተት ሳያልቡ በጡቷ ማጠራቀምን ከልክለዋል፤ ይህም የዚያው ወንድም ነው። እንግዲህ ሐቀኛው ከሰረ። የከሰረው ግን በእሱ ጥፋት አይደለም፤ ለጠይቡ ዋጋ ለመክፈል እኛ ገዢዎቹ ስላልተዘጋጀን ነው።

ስለዚህ በመስጊዳችን አንድ ነገር ጀምረናል። ለኡድሒያ አንድ በሬ ለሰባት እንደሚበቃ ታውቃላችሁ፤ በሻፊዒዮችና በሐነፊዮች ዘንድ ሁለት ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሰባት ቤተሰብ ከዓረፋ አራት አምስት ወር በፊት ወይፈኑን ራሳቸው ይገዛሉ፤ በሬው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነሱ ነው። ለሚያበላው ገበሬ በየወሩ የተስማሙበትን ዋጋ ይከፍላሉ። ያለ እሱ ጥፋት ቢሞት ኪሳራው የባለቤቶቹ ነው፤ ይህ አስቀድሞ ይጻፋል፣ ምስክር ይቆምበታል። የገና ለገና ግምት ወይም «ሲሸጥ እናያለን» የሚባል የደበዘዘ ውል አንፈልግም፤ ጠብ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለመሸጥ ብሎ የሚያደልብ ደግሞ በሬው ታስሮ ስለሚመገብ ዘካ የለበትም ብሎ እንዳይዘናጋ፤ የንግድ ዘካ ይመለከተዋል፤ ያለውን ይዞ ዓሊም ይጠይቅ።

በ2010 ዓ.ም. በነበረው መፈናቀል ከብታቸውን አጥተው ወደ ባዶ ጋጣ የተመለሱ ቤተሰቦች አሉ። ሣራቸውና እንሰታቸው አለ፣ መግዣው የላቸውም። ወይፈኑን እነሱ ዘንድ ብናስር በወር በወር ክፍያ ያገኛሉ፣ ፍጉም ለእንሰታቸው ይተርፋል።

የዘንድሮው ወይፈን ወናጎ አጠገብ ታስሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ሄደን እናየዋለን፤ ምን እንደሚበላ አሁን ልጃችን ነው የሚነግረን። እስካሁን ስድስት ቤተሰብ ሆነናል። አንድ ቦታ ይቀራል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።