አንድ ክፍል፣ ሁሉም ልጆች

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የፕሮፌሰር ጥሩሰው ተፈራን ሥራ ይዘን መጥተናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሁር ናቸው።

እሱ፦ በ2011 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት?

እሷ፦ አዎ፣ እሳቸው። እኔን የሳበኝ ግን ምርምራቸው ነው። አካል ጉዳት እያለባቸው ትልቅ ደረጃ የደረሱ ኢትዮጵያውያንን አጥንተዋል።

እሱ፦ «ምን ረዳቸው?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ነው። እኛ የለመድነው «ምን ጎደላቸው?» ማለት ነዋ!

እሷ፦ በትክክል! አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ እኮ ጓዳ የሚያስቀረው ዓይኑ ወይም እግሩ ብቻ አይደለም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ቤተሰብ አለ፣ ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ አለ፣ ብሬል የማያውቅ መምህር አለ።

እሱ፦ እስማማለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሰባ ተማሪ ያጨቀ ክፍል ውስጥ መስማት የተሳነውን ልጅ ያለ ምልክት ቋንቋ ማስቀመጥ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ሁሉንም ልጆች አብሮ ማስተማር፣ ይባላል?

እሷ፦ አይባልም። ያ መቀመጥ ነው እንጂ መማር አይደለም።

እሱ፦ ለዚህ ነው መስማት ለተሳናቸው ልጆች የምልክት ቋንቋ ክፍል ያስፈልጋል የምለው።

እሷ፦ ቋንቋውን እስኪያዳብሩ ይሁን። ግን ለዘለዓለም ተለይተው ይቅሩ ከተባለ እኔ የለሁበትም።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ሕጉም ካንቺ ጋር ነው፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የአካቶ ትምህርት መብት እዚያ ውስጥ አለ።

እሷ፦ እንግዲህ ወላጆች፣ ምዝገባ ሲደርስ ልጃችሁን ይዛችሁ ትምህርት ቤት ሂዱ። «አንቀበልም» ካሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።