«እስክትወልድ ድረስ»



ከጥንት ጀምሮ ከኤብዮናውያን ወገን ጌታን በዘር የተወለደ የዮሴፍ ልጅ ነው የሚሉ ነበሩ። ለእነዚህ ማቴዎስና ሉቃስ መልሰውላቸዋልና አንዘገይባቸውም።

የሚያስቸግረው ግን የድንግልና ልደቱን አምኖ፣ ከልደት በኋላ ያለውን የእመቤታችንን ድንግልና የሚክደው ነው። ሄልቪድዮስ የተባለው ሰው፣ ዮሴፍ «እስክትወልድ ድረስ» አላወቃትም መባሉን ይዞ፣ ከወለደች በኋላማ ዐወቃት ብሎ ጻፈ፤ ሄሮኒሞስም በ383 ዓ.ም. ገደማ በሮም ሳለ መለሰለት።

ይህንን ጥያቄ ዛሬም ከጎረቤቶቻችን፣ አንዳንድ ጊዜም ከገዛ ልጆቻችን አፍ እንሰማዋለን፤ ስለዚህ ያለ ቍጣ እንመልከተው። ወዳጃችንን ስንሰናበት «እስክንገናኝ ደኅና ሰንብት» እንለዋለን። በተገናኘን ማግሥት ይታመም ማለታችን ነውን? የሳኦል ልጅ ሜልኮልም እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ እንዳልወለደች ተጽፏል፤ ከሞተች በኋላ ወለደች የሚል ማን ነው?

«በኵር» መባሉም ተከታይ አለው አያሰኝም። በኦሪት ሥርዓት በኵር በአንድ ወሩ ይዋጅ ነበር እንጂ ሁለተኛው እስኪወለድ አይጠበቅም።

ስለ «ወንድሞቹ» ግን ወደ ቀራንዮ እንሂድ። እናት የማኅፀንዋ ፍሬዎች እያሏት ለሌላ ሰው አደራ ትሰጣለችን? በአገራችንስ እንዲህ ቢደረግ ልጆቿ ዝም ይላሉን? ጌታ ግን እናቱን ለዮሐንስ ሰጣት፤ እርሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት።